ሊትር ሁሉ ኪሎ አይደለም

ባለፈው ጥር ለሥራ ወደ ሸነን ስንሄድ የመኪናችን ጎማ ጊንጪ ላይ ተነፈሰ። ሾፌሩ እስኪቀይር እግሬን ላፍታታ ብዬ ከአስፋልቱ ወረድ ስል ከአንድ ቆርቆሮ ቤት የሞቀ ዱቄት ሽታ መጣብኝ። ወፍጮ ቤት ነው፤ ስንዴ እየተፈጨ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ዓይኔን ጨፈንኩ። እህል ያስፈጩ የነበሩት ሴቶች «ምን ሆና ነው?» ሳይባባሉ አልቀሩም። እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። አምቦ፣ ኦቦ ደቻሳ ወፍጮ ቤት፣ ስድስተኛ ክፍልን የጨረስኩበት ክረምት ላይ ነበርኩ፤ እስከ ቅንድቤ ዱቄት ለብሼ፣ በእጄ አንድ ብርጭቆ ይዤ።

ያ ክረምት የአዳዳ ሹሜ ክረምት ነው። አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። እኛ ቤት አማርኛ ስናወራም ከዚህ ሌላ መጠሪያ አልነበራትም። ባሏ ከሞተ በኋላ ጎጆ ከምትባለው የደጋ ከተማ አንድ ብርድ ልብስና አንድ ትልቅ የብረት ድስት ይዛ አምቦ መጣች። ወላጆቼ የኋላውን ክፍል ሰጧት፤ እኔም አልጋዋን ተጋራሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታወራ ሴት ነበረች። ዳቦዋ ግን ይናገርላት ነበር። የሰፈር ሠርግ ሲኖር፣ ቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ ሲያዘጋጅ «ሹሜ ትጋግር» ይባላል። ትጋግራለች፤ ይበላል፤ ይመሰገናል። ከዚያ እንደገና ቤት ትቀመጣለች።

ክረምቱ እንደገባ አንድ ቀን ከጓሮ ሽንኩርት ይዤ ስመለስ አባቴ ለእናቴ ሲናገር ሰማሁ። «እስከ መስከረም ሥራ ካላገኘች ጎጆ ትመለሳለች። የባሏ ወንድም ልኮባታል። እዚያ ሄዳ የሰው ቤት ጠባቂ ትሁን እንግዲህ፣ ምን ይደረግ?»

እኔ የገባኝ ሌላ ነው። በእንቅልፌ እራገጣለሁ፤ አዳዳ ጠዋት ጠዋት ጎኗን እያሸች «ዛሬም በቅሎዬ ረገጠችኝ» ትል ነበር። ስለዚህ የምትሄደው በእኔ ምክንያት ነው ብዬ አመንኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመተኛቴ በፊት ሁለቱን እግሮቼን በእናቴ አሮጌ ሻሽ እያሰርኩ መተኛት ጀመርኩ። አንድ ሳምንት ያህል እንደዚያ ስተኛ ማንም አላወቀብኝም።

ሥራው የተገኘው በዚያ ሳምንት ነው፤ ተገኘ ከተባለ። ዋናው መንገድ ዳር አዲስ ሆቴል ለእንቁጣጣሽ ሊከፈት ነው ተባለ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሼፍ ኬክና ዳቦ ጋጋሪ ይፈልጋል። አዳዳ ሄዳ ተመዘገበች። ለተመዘገቡት አምስት ሴቶች ሁሉ በታይፕ የተጻፈ አንድ አንድ ወረቀት ሰጥቷቸው፣ «ይህን ተለማመዱ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ እዚሁ ትሠሩታላችሁ» አላቸው።

አዳዳ በመሠረተ ትምህርት ቁጥር ተምራለች፤ ፊደል ግን ያታግላታል። ወረቀቱን እኔ አነበብኩላት።

«ፉርኖ ዱቄት ስድስት መቶ ግራም። ስኳር ሦስት መቶ ሃምሳ ግራም። ቅቤ ሁለት መቶ ሃምሳ ግራም። እንቁላል ስድስት። ወተት ሦስት መቶ ሚሊ ሊትር። ቤኪንግ ፓውደር ሃያ ግራም።»

እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «ግራም ምንድን ነው? የኪሎ ልጅ ነው?»

«አዎ። ሺው ነው አንድ ኪሎ።»

«ሺህ ልጅ!» አለች እጇን አፏ ላይ አድርጋ። «እኔ በጣሳና በእጄ ነው የምሠራው፣ ሌንሴ። ይህን ሁሉ ልጅ በምን ልቁጠረው?»

ቤታችን ሚዛን የለም። እኔ ግን ከክፍል ሦስተኛ የወጣሁ ልጅ ነኝ፤ መልስ አጥቼ አላውቅም። ሳይንስ የተማርነው በኦሮምኛ ነበር። «አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል» የሚለውን በቃሌ ይዤዋለሁ። ለአዳዳ ወደ አማርኛ ስመልስላት ግን «ቢሻን» የምትለዋን ቃል ጣልኳት። ቢሻን ውሃ ነው። ውሃውን አስተማሪያችን ለምሳሌ ያህል ያመጣው ነበር የመሰለኝ።

«አዳዳ፣ ቀላል ነው! ሊትር ማለት ኪሎ ነው። ጆጋችን ላይ መስመር አለ። ስድስት መቶ ላይ ዱቄት እንሞላለን፤ አለቀ።»

ፊቷ በራ። ተማረች የምትላት የወንድሟ ልጅ ነግራታለች።

በማግሥቱ የፕላስቲክ ጆጋችንን ይዘን ተቀመጥን። ዱቄቱን ስድስት መቶ ላይ፣ ስኳሩን ሦስት መቶ ሃምሳ ላይ፣ ቅቤውንም አቅልጠን እንደዚያው በመስመሩ ለካን። የገዛ ዶሮዎቻችንን ስድስት እንቁላል ሰበረች። ማማሰል ስትጀምር እጇ ዘገየ። ማንኪያውን አንስታ ሊጡ እንደ ውሃ ሲንጠባጠብ አየችው።

«ይሄ የኬክ ሊጥ ነው ወይስ አጥሚት?»

«ወረቀቱ ነው ያለው» አልኳት።

በትልቁ ድስት አድርጋ ከታችም ከክዳኑም ላይ ፍም አደረገችበት። ሽታው ሰፈሩን አወደው። ክዳኑ ሲነሳ ኬኩ እንደ ኮረብታ ቆሞ ነበር፤ እኔም አጨበጨብኩ። ዓይናችን እያየ መሐሉ እፍፍፍ ብሎ ሰመጠ። ወንድሞቼ በማንኪያ በሉት። ስድስት እንቁላል ቀለጠ። አዳዳ የድስቱን ጠርዝ ፍቃ የተጠበሰውን ለእኔ ሰጠችኝ። ያ ከቁጣ ይልቅ አስለቀሰኝ።

ያን ዕለት እግሬን ሳስር ያዘችኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እንዳልረግጥሽ። ጎጆ እንዳትሄጂ።»

ሻሹን ፈታችው። ለረጅም ጊዜ ፀጉሬን ስትዳብስ ቆየችና፣ «እኔ የምሄደው እንጀራ ፍለጋ ነው እንጂ ከእግርሽ ሸሽቼ አይደለም» አለችኝ። «ደግሞ ገና አልሄድኩም። ተኚ።»

ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ ሁለት ብርጭቆ ይዛ መጣች። አንደኛው ጨው ነው፤ ሁለተኛው ዱቄት። ሁለቱንም አፍ እስከ ገደፋቸው ሞልታ ቀኝና ግራ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«የቱ ይከብዳል ኢንተላ ኮ?» ልጄ ማለቷ ነው።

«ጨው።»

«ጆግሽ ግን እኩል ናቸው አለች።» ብርጭቆዎቹን ተቀበለችኝ። «ከጎጆ ገብስና ድንች በአህያ ስናወርድ ጆንያው እኩል ነው። ድንቹን የጫንባት ቀን ግን አህያዋ ገና ከደጅ ሳትወጣ ጆሮዋን ትጥላለች። አንቺ ስድስተኛ ክፍል ጨርሰሽ አህያ ያወቀችውን አታውቂም?»

ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። እየሳቅኩ ግን ፊቴ ነደደ፤ «ቢሻን» የምትለዋ ቃል ትዝ ብላኝ ነበር። ኪሎ የሚሆነው የውሃ ሊትር ነው። የዱቄት ሊትር ሌላ፣ የስኳር ሊትር ሌላ። ሊትር ሁሉ ኪሎ አይደለም። እያንዳንዱ ነገር የራሱ ክብደት አለው፤ ያንን ደግሞ አንድ ጊዜ በሚዛን ካወቅነው ከዚያ ወዲያ በብርጭቆ መሥራት እንችላለን። ይህን ለአዳዳ ስነግራት ነጠላዋን አንስታ፣ «ኦቦ ደቻሳ ሚዛን አላቸው፤ ተነሽ» አለችኝ።

ኦቦ ደቻሳ፣ በአማርኛ አቶ ደቻሳ እንደማለት፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ናቸው። ከወፍጮው ጎን ባለችው ሱቃቸው ስኳርና ጨው የሚመዝኑባት ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ነበረቻቸው። ብረቶቿ ከኪሎ ጀምረው እስከ ሃምሳ ግራም ድረስ በእንጨት ሳጥን ተደርድረዋል። ቁጡ ሽማግሌ ነበሩ።

«አካም ቡልተን ኦቦ ደቻሳ» አለች አዳዳ፤ እንዴት አደሩ ማለቷ ነው። «ሚዛን ፈልገን ነበር።»

«ሚዛን እንደ ጥርስ መፋቂያ ነው፤ ሰው አይዋሰውም።»

«አንዋስም። እዚሁ ቆመን ነው። ደንበኛ ሳይመጣ።»

እኔን አዩኝ፤ ያቀፍኩትን ጆግ አዩ። «ከአንድ ሰዓት በፊት» አሉ በመጨረሻ። «ደንበኛ ከመጣ ብን ትላላችሁ።»

በማግሥቱ ጭቃውን እየረገጥን ማለዳ ደረስን። መጀመሪያ የኛ ብርጭቆ አራት ጊዜ ሲሞላ ጆጉ ሊትር ላይ እንደሚደርስ አረጋገጥን። ከዚያ አራት ብርጭቆ ዱቄት ሚዛኑ ላይ አደረግን። ስድስት መቶ ሃምሳ ግራም። ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ሁለተኛው ቀን ለማረጋገጥ እንደገና አራት ብርጭቆ ሰፈርን። አምስት መቶ ግራም ብቻ!

ደነገጥኩ። ያው ብርጭቆ፣ ያው ዱቄት፣ ያው ሚዛን። «አዳዳ፣ ሚዛኑ ይሰርቃል» አልኩ፤ በሹክሹክታ ያልኩ መስሎኝ።

ወፍጮው ገና አልተነሳም ነበርና ድምፄ ቤቱን ሞላው። ኦቦ ደቻሳ የያዙትን መጥረጊያ ጣሉ። «ሠላሳ ዓመት!» አሉ። «ሠላሳ ዓመት በዚህ ሚዛን ስሠራ ሌባ ያለኝ የለም!»

አዳዳ በትከሻዬ ይዛ ወደፊት ገፋችኝ። «ይቅርታ ጠይቂ።»

ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። አልበረዱም። ሳህኖቹን ባዶ አድርገው ሚዛኗ ትክክል ስትቆም አሳዩኝ። ብረቶቹን አንድ በአንድ አጋጩልኝ። ከዚያ ብርጭቆዬን ቀሙኝና ከጆንያው ዱቄት ዝቀው ጠረጴዛው ላይ ጠብ ጠብ አደረጉት። ሞልቶ የነበረው ዱቄት ሁለት ጣት ያህል ወረደ።

«አየሽ? ዱቄት እንደ ሰው ነው። ሲቀመጥ ይደላደላል። ሲነፋ ደግሞ ይነሳል። ትናንት ከጆንያ ዝቃችሁ ነቅንቃችሁታል፤ ዛሬ ነፍታችሁታል። የሰረቀሽ ሚዛኑ አይደለም፤ እጅሽ ነው።»

እውነት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ብዙ እንዲይዝልኝ ብዬ ብርጭቆውን ደጋግሜ መትቼዋለሁ። በሁለተኛው ቀን አዳዳ ነፍታ ነው የሞላችው። ሽማግሌው ተናደው የጀመሩት ትምህርት ሳያውቁት ጣማቸው። ደንበኛ መጥቶ በር ላይ ሲቆም «ጠብቅ፣ ሥራ ላይ ነን!» አሉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕግ አወጣን። ዱቄት ይነፋል፤ በማንኪያ እየተጨመረ ይሞላል፤ አይነቀነቅም፤ አፉ በቢላ ጀርባ ይስተካከላል። እንደዚያ ሆኖ አንድ ሊትር ፉርኖ ዱቄት አምስት መቶ ግራም መጣ፤ ሦስት ቀን መዝነን ሦስቱንም ቀን ያው። አንድ ሊትር ስኳር ስምንት መቶ ሃምሳ። የቀለጠ ቅቤ ዘጠኝ መቶ። ቤኪንግ ፓውደር ለብረቶቹ በጣም ቀለለ፤ «አሥር ማንኪያ ባንድ ላይ መዝኚና ለአሥር አካፍዪው» ያሉኝ ኦቦ ደቻሳ ናቸው። አሥር የሻይ ማንኪያ ሃምሳ ግራም ሆነ፤ አንዱ አምስት። አዳዳ እያንዳንዱን ቁጥር ስጽፍ ከጀርባዬ ቆማ በቃሏ ትይዘው ነበር።

ሁለተኛው ኬክ አልሰመጠም። ሦስተኛው የድስቱን ክዳን ገፋው። የመጀመሪያውን ቁራሽ ለኦቦ ደቻሳ ወስጄላቸው ሲበሉ ጢማቸው ላይ የቀረውን ፍርፋሪ ሁሉ ለቃቀሙ።

ቅዳሜው ደረሰ። አዳዳ የሠርግ ቀሚሷን ለበሰች፤ እኔ የዩኒፎርም ሹራቤን። የሆቴሉ ወጥ ቤት ግድግዳና ወለሉ ነጭ ሴራሚክ ነው፤ እንደዚያ ያለ ንጹሕ ክፍል ከጤና ጣቢያ በቀር አይቼ አላውቅም። ሼፉ አቶ ሰሎሞን ገና ጎልማሳ፣ ንግግሩ አጭር ነው። «ከቤት የመጣ ዕቃ አይገባም» አለ። ብርጭቋችንን ዘበኛው ጋ ተውነው። እኔን አይቶ ቅንድቡን ሲያነሳ አዳዳ፣ «ወረቀቱን ታነብልኛለች» አለችው።

«ታንብብ። እጇ ግን ዱቄት እንዳይነካ።»

ሚዛኑ ኤሌክትሪክ ነበር፤ ገመዱ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ቀይ ቁጥር ያበራል። ለአምስቱም አንድ ነው። መጀመሪያ የተጠራችው አዲስ አበባ የሠለጠነች ሃና የምትባል ልጅ ነበረች፤ ነጭ ጃኬት ለብሳለች። ዱቄቷን ሚዛኑ ላይ ማፍሰስ እንደጀመረች መብራት ጠፋ። ቀዩ ቁጥር ድርግም አለ።

ሴቶቹ ሁሉ ወደ ሼፉ ዞሩ። እሱ የእጅ ሰዓቱን አየ።

«ምድጃው በጋዝ ነው፤ ይሠራል። እንግዳ መብራት እስኪመጣ አይጠብቅም። ሰዓታችሁ እየቆጠረ ነው።»

ሁለቱ በዓይናቸው ገምተው መዝገን ጀመሩ። አንዷ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሃና ሚዛኑን እያየች ቆማ ቀረች። አዳዳ፣ «ብርጭቆ ስጡኝ» አለች።

ያመጡላትን አየሁት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ወገቡ የጠበበ የሆቴል ብርጭቆ ነው። «የኛ አይደለም!» አልኳት በጆሮዋ። «አዳዳ፣ የለካነው ሁሉ በኛ ነው። አለቀልን።»

«ብርጭቆው ሌላ ነው» አለች ረጋ ብላ። «ዱቄቱ ያው ነው። ሊትር የቱ ነው? ፈልጊልኝ።»

መደርደሪያው ላይ ባለ አንድ ሊትር ባዶ የውሃ ጠርሙስ አየሁ፤ ልኩ ተጽፎበታል። አዳዳ በሆቴሉ ብርጭቆ ውሃ እየቀዳች ጠርሙሱን መሙላት ጀመረች። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። ጠርሙሱ ገና አልሞላም። አምስተኛው ሲገባ ውሃው አፉ ድረስ ደረሰ።

«አምስት!» አልኩ። ጭንቅላቴ ውስጥ ማካፈል ጀመርኩ፤ እንደዚያ ቀን ፈጥኜ አካፍዬ አላውቅም። የዱቄት ሊትር አምስት መቶ፤ ለአምስት። «አንዱ ብርጭቆ መቶ ግራም! ስድስት ብርጭቆ ነው አዳዳ። ስኳሩ መቶ ሰባ፤ ሁለት ብርጭቆና ሁለት የሻይ ማንኪያ። ወተቱ አንድ ብርጭቆ ተኩል!»

ቅቤው ባለ ግማሽ ኪሎ ሆኖ በወረቀት የተጠቀለለ ነበር፤ መሐሉን በቢላ ከፈለችው። እርጥቡን ብርጭቆ በፎጣ ውስጡን ደጋግማ አደረቀች። ስኳሩን በሌላ ሳህን ሰፈረች። ዱቄቱን ነፋች። በማንኪያ እየጨመረች፣ ሳትነቀንቅ፣ በቢላ ጀርባ እያስተካከለች ሞላች።

ሃና ጠጋ አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እትዬ፣ ዱቄቱን ስንት አሉት?»

የአዳዳን ቀሚስ በኃይል ጎተትኩ። ሦስት ሳምንት ጭቃ ረግጠን ያገኘነውን! አዳዳ እጄን ከቀሚሷ ላይ አንስታ ወደ ሃና ዞረች።

«ስድስት ብርጭቆ። ተነፍቶ ነው እሺ? ከተነቀነቀ ይበዛብሻል።»

ስድስተኛው ብርጭቆ ሳህኑ ውስጥ እንደገባ መብራት መጣ። አዳዳ እንቁላሉን ልትሰብር እጇን ስታነሳ ሼፉ «ቆይ!» አለ። ባዶ ሳህን አንስቶ ሚዛኑ ላይ አድርጎ ቁጥሩን ወደ ዜሮ መለሰው። ከዚያ የአዳዳን ዱቄት አንዲት ፍሬ ሳያስቀር ወደዚያ ገለበጠው። ቀዩ ቁጥር ወጣ፣ ወረደ፣ ቆመ።

603።

አነሳውና እንደገና አስቀመጠው። 603። ስኳሩን መዘነ። 352። ቀና ብሎ አዳዳን አያት።

«እማማ፣ ይህን ከየት አመጡት?»

«ከኦቦ ደቻሳ ወፍጮ ቤት» አለች አዳዳ።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ ግን ከልቧ ነበር፤ ጠርሙሱን እያሳየች፣ የዱቄት ሊትር ስንት፣ የስኳር ሊትር ስንት እንደሆነ አንድ በአንድ ነገረችው። ቁጥሮቹ ከአፏ ሲወጡ አንዱንም አልሳተችም። እኔ ደብተሬን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅስ ነበር።

ኬኩ ሲወጣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከላዩ ወርቅማ፣ መሐሉ እንደ ስፖንጅ። ሼፉ ቆርሶ አኘከ፤ ሁለተኛም ቆረሰ። የሌሎቹንም ቀመሰ። ከዚያ እጁን ጠርጎ ወደ አዳዳ መጣ።

«ሰኞ ይጀምራሉ። የኬክና የዳቦው ክፍል ኃላፊ እርስዎ ነዎት። ሃና ከእርስዎ ጋር ትሠራለች። እስከዚያ ያቺ ልጅ የነገሩኝን ሁሉ በትልቁ ትጻፍልኝ፤ ግድግዳው ላይ እንለጥፈዋለን።»

ያኔውኑ ወፍራም እስክሪብቶና ካርቶን ሰጠኝ። ፊደሎቼ ጠመም ያሉ ነበሩ፤ ግን ከሩቅ ይነበቡ ነበር።

ስንወጣ ዝናቡ አባርቷል። አዳዳ ዘበኛው ጋ የተውነውን ብርጭቆ እንኳ አላስታወሰችም። አስፋልቱ መሐል ስትደርስ ቆመች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቀው ሴት ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አጣፍታ፣ ቀና ብላ እልልታዋን ለቀቀችው። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ትንፋሿ እስኪያልቅ። ባለጋሪው ፈረሱን አቆመ። ባለሱቆቹ ከየሱቃቸው ብቅ አሉ። አንዲት ሴትዮ ከመንገዱ ማዶ እየሳቀች ጮኸች፣

«ማን አገባ? ማን አገባ?»

«ማንም አላገባም!» አለች አዳዳ ሹሜ፤ አምቦ በሙሉ እንዲሰማላት። «እኔ ነኝ የገባሁት! ሥራ ገባሁ!»